ስለ ራስ ምታት ዓይነቶችና ክኒን ስለ ማብዛት

በየመሥሪያ ቤቱና በየሱቁ የጠረጴዛ መሳቢያ ቢከፈት፥ ከማኅተሙና ከደረሰኙ አጠገብ የራስ ምታት ክኒን የማይገኝበት ጥቂት ነው። ባለጉዳይ ሲበዛ፥ ሒሳብ አልገጥም ሲል፥ መርከብ ሲዘገይ ወይም የጉምሩክ ወረቀት ሲጓተት አንዱ ይዋጣል፤ ሕመሙ ካልተወ ሌላ ይደገማል። ይህን የሚያደርገው ሰው ሕመሙ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ቢጠየቅ «ያው ራስ ምታት ነው» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። ነገር ግን «ራስ ምታት» የሚለው ስም «ዕዳ» እንደሚለው ቃል ነው፤ የማን፥ ስንት፥ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ካልተገለጸ ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር የሕመሙን ዓይነቶች የለየበትን የመጀመሪያ መዘርዝር ያወጣው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. ሲሆን ሦስተኛው እትም በ2018 ታትሟል። በዚህ መዘርዝር ከ200 የሚበልጡ ዓይነቶች ተቆጥረዋል። አብዛኞቹ ግን በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። አንደኛው ራስ ምታቱ ራሱ በሽታ የሆነበት ነው፤ ከበስተኋላው የተሰወረ ሌላ ደዌ የለም። ሁለተኛው ራስ ምታቱ የሌላ ነገር ምልክት የሆነበት ነው፤ ይኸውም የወባ፥ የማጅራት ገትር፥ በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም፥ የከሰል ጭስ፥ ወይም ለማስታገሻ ተብሎ የተዋጠው ክኒን። የሐኪሙ የመጀመሪያ ሥራ በሽተኛው ከሁለቱ በየትኛው ወገን እንደሚገኝ መለየት ነው። ይህንንም በአብዛኛው የሚለየው በመሣሪያ ሳይሆን በመጠየቅ ነው። መቼ ጀመረ? ስንት ሰዓት ይቆያል? በአንድ ወገን ነው ወይስ በሁለቱም? ያስታውካል? ሲነሣ ሰውየው ይተኛል ወይስ ይሠራል? በወር ውስጥ ስንት ቀን ክኒን ይወሰዳል? የራስ ቅሉ በሲቲ መሣሪያ ተነሥቶ «ምንም አልተገኘም» የተባለ ሰው ሕመሙ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ከራስ ምታት ዓይነቶች ብዙ ሰው የሚያሠቃዩት ሁለቱ በፎቶግራፍ አይታዩም።

ከእነዚህ ሁለቱ ብዙ ሰው የሚይዘው የውጥረት ራስ ምታት የሚባለው ነው። ራስን ዙሪያውን በመቀነት እንደ ታሰረ ያህል ያስጨንቃል፤ በሁለቱም ወገን ይሰማል፤ ይጫናል እንጂ አይመታም፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ደረጃ ቢወጣ አይብስበትም፥ አያስታውከውም፥ ሥራውንም እያጉረመረመም ቢሆን ይሠራል። ከማለዳ እስከ ማታ በመዝገብ ላይ ላጎነበሰ ጸሓፊ አንገቱና ትከሻው ሲደርቅ የሚመጣበት ይህ ነው። ለእርሱ ተነሥቶ መራመድ፥ አንገትን ማፍታታት፥ ምሳን በሰዓቱ መብላትና በጊዜ መተኛት ከክኒኑ ይቀድማሉ። ሲበረታበት ብቻ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን ይበቃዋል። ዕድሜው ከ40 አልፎ ወረቀቱን ከዓይኑ እያራቀ ማንበብ የጀመረ እንደ ሆነም የሚያስፈልገው መነጽር ሊሆን ይችላል።

ሚግሬን ግን ሌላ ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የራስ ቅል እኩሌታ ማለት ነው። ኢጣልያኖች እስከ ዛሬ «ኤሚክራኒያ» እያሉ ከሞላ ጎደል እንዳለ ሲጠሩት፥ ፈረንሳዮች የቃሉን ራስ ቆርጠው «ሚግሬን» አደረጉት፤ ዓለምም የተቀበለው ራስ አልባውን ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይነሣል፤ እንደ ልብ ትርታ እየዘለለ ይመታል፤ ሕክምና ካላገኘ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። መራመድና ደረጃ መውጣት ያብሱታል፤ ሆድን ያናውጣል፥ ያስታውካል፤ ብርሃንና ድምፅ እንደ ጠላት ይሆናሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ከ5 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት የሚቆይ የዓይን መታወክ ይታያል፤ የሚብለጨለጭ የተሰባበረ መሥመር በዓይናቸው ፊት ይንቀሳቀሳል፥ የሚያነቡትም ፊደል በከፊል ይጠፋባቸዋል። በዓለም ላይ አንድ ቢልዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበዛል።

የመሥሪያ ቤት አለቆች ይህን ልዩነት ቢያውቁ መልካም ነው። በወር ሁለት ቀን መጋረጃ ዘግታ ራስዋን ይዛ የምትተኛ ጸሓፊ በማግሥቱ ጤነኛ ሆና ስትገባ «ትናንት ምን ነክቷት ነበር?» መባልዋ የተለመደ ነው። ይህ የሕመሙ ጠባይ ነው እንጂ የሠራተኛዋ ስንፍና አይደለም፤ ሲሄድ ምንም ፍለጋ አይተውም።

ሚግሬን ሲነሣ መድኃኒት በጊዜና በበቂ መጠን መወሰድ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ምናልባት ይተወኝ ይሆናል» እያለ ሦስት ሰዓት ይታገሥና ሆዱ ከተናወጠ በኋላ ግማሽ ክኒን ይውጣል፤ ያን ጊዜ ሆዱ መድኃኒቱን በደንብ አያሳልፈውም። ለጎልማሳ ሰው 900 ሚሊግራም አስፒሪን፥ ወይም 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን፥ ወይም 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ገና ሲጀምር ይሰጣል፤ ማስታወክን የሚከለክል መድኃኒትም ሊጨመርበት ይችላል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን የጨጓራ ቁስል ላለበት ሰው አይሆኑም፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ሐኪም ሳትጠይቅ አትወስዳቸውም፤ አስፒሪን ለልጆች አይሰጥም። እነዚህ ካልበቁ ትሪፕታን የሚባሉት መድኃኒቶች አሉ፤ የመጀመሪያው ሱማትሪፕታን በ1991 ለገበያ የወጣ ሲሆን የልብ ደም ሥር በሽታ ላለበት ሰው የተከለከለ ነው። ሕመሙ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ከሆነ ሐኪሙ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ያዝዛል፤ ፕሮፕራኖሎል ወይም በትንሽ መጠን ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን በዋጋ ረገድ ብዙ የማይከብዱ ናቸው። አስም ያለበት ሰው ግን ፕሮፕራኖሎልን መውሰድ የለበትም። ፍሬያቸው የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ከታገሡ በኋላ ስለ ሆነ በሁለተኛው ሳምንት «አልረባኝም» ብሎ የሚጥላቸው ሰው ብዙ ነው። ሲ.ጂ.አር.ፒ. የተባለውን ሕመም አስተላላፊ ንጥረ ነገር የሚያግድ መርፌ ደግሞ በ2018 ወጥቷል፤ ለዚህ መንገድ የከፈቱት ላርስ ኤድቪንሰን፥ ፒተር ጎድስቢ፥ ማይክል ሞስኮዊትዝና ዬስ ኦልሰን በ2021 ዓለም አቀፉን የአንጎል ሽልማት ተቀብለዋል። ዋጋው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው።

ከሁለቱ የከፋ፥ ነገር ግን ጥቂት ሰው የሚያገኘው ክላስተር የሚባለው ነው። በአንድ ዓይን ዙሪያ እንደ ጋለ ብረት ይወጋል፤ ያ ዓይን ይቀላል፥ ያነባል፥ በዚያው ወገን አፍንጫ ይፈስሳል። ሚግሬን የያዘው ሰው ይተኛል፤ ይህኛው የያዘው ግን መቀመጥ አቅቶት በቤቱ ውስጥ ይንጎራደዳል። ከ15 ደቂቃ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ይሄድና ብዙ ጊዜ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት፥ እንደ ተቀጠረ ሰው ይመለሳል። ለእርሱ ክኒን ፈጽሞ አይደርስለትም፤ በጭምብል የሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን በደቂቃ 12 ሊትር ለ15 ደቂቃ ቢተነፍስ ብዙ ጊዜ ይበርድለታል።

ስለ ሁለት የስም ስሕተቶችም መናገር ይገባል። የመጀመሪያው «ሳይነስ አለብኝ» የሚለው ነው። በአሜሪካ በ2004 በታተመ ጥናት ራስ ምታታቸው የሳይነስ መሆኑን ራሳቸው ከተናገሩ ወይም በሐኪም ከተነገራቸው 2,991 ሰዎች መካከል ከመቶ 88ቱ ሕመማቸው ሲመረመር የሚግሬን ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። ሚግሬንም አፍንጫን ያፍናል፥ ዓይንንም ያስነባል። ትኩሳትና ወፍራም መግል የመሰለ ንፍጥ ከሌለ «ሳይነስ» የሚለው ስም መጠርጠር አለበት። ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይልቅ ይጎዳል፤ «ራሴን ሲያመኝ የደም ብዛቴ እንደ ተነሣ አውቃለሁ፥ ሳያመኝ ግን ደኅና ነኝ» የሚለው ነው። የደም ብዛት ከ180 በ120 ደርሶ በድንገት ካልናረ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ራስን አያሳምምም። ልብንና ኩላሊትን የሚጎዳው ያለ ምንም ምልክት ስለ ሆነ፥ ራስ ምታትን እየጠበቀ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው የሚተማመነው በማይነግረው ዘበኛ ላይ ነው።

አሁን አንድ የጨርቅ ነጋዴ በምሳሌነት ይታሰብ። ዕቃውን ለማስለቀቅ ከምፅዋ ወደብ ወደ አስመራ ይመላለሳል። ደጋ በወጣ ቁጥር ራሱን ስለሚያመው ምክንያቱ የአገሩ ከፍታ ነው ብሎ ያምናል። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ የከፍታ ራስ ምታት የሚባለው ግን በመዘርዝሩ መሠረት ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚወጣ ሰው ነው። ነጋዴው ሐኪም ፊት ቀርቦ ቀኑን በሰዓት እንዲዘረዝር ሲጠየቅ ሌላ ነገር ይወጣል። ሌሊት ተነሥቶ ጉዞ ይጀምራል፤ በቆላው ሙቀት ልብሱ በላብ ይርሳል፤ ቁርስ አይበላም፤ በቤቱ ጧት ጧት ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣው ቡናም በዚያ ቀን ይቀርበታል። ቡና ብዙ የለመደ ሰው ሲያቋርጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፤ አንድ ሲኒ ቢያገኝ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይተወዋል፤ ፈጽሞ ቢተወው ግን ሕመሙ ከአንድ ሳምንት በላይ አይቆይም። ረኀብ ብቻውንም ያሳምማል፤ ስምንት ሰዓት ያህል ሳይበላ የዋለ ሰው የሚሰማው ራስ ምታት በመዝገቡ የራሱ ስም አለው፤ በእስራኤል አገር በዮም ኪፑር ጾም፥ እንዲሁም በረመዳን መጀመሪያ ቀኖች በሚጾሙ ሰዎች ላይ ተጠንቷል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾመውም ነገሩ ያው ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ሲኒውን አንድ አንድ እያለ የሚቀንስ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀኖች በሰላም ያልፋል።

ነጋዴው ግን ይህን ሳያውቅ መፍትሔ አግኝቻለሁ ብሎ ነበር፤ ይኸውም በኪሱ የሚይዘው ክኒን ነው። መጀመሪያ ለጉዞ ቀን ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ እንዳይነሣበት በመፍራት አስቀድሞ ይውጥ ጀመር፤ በመጨረሻ ጧት ሲነቃ ራሱን የሚያመው ስለ ሆነ ከቁርስ በፊት ሁለት ሆነ። ከሦስት ወር በላይ፥ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ፓራሲታሞል፥ አስፒሪን ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስድ ሰው፥ ወይም በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ኮዴይን ያለበትን፥ ቡናማው ንጥረ ነገር ካፌይን የተቀላቀለበትን ወይም የትሪፕታንን ክኒን የሚወስድ ሰው፥ ከማስታገሻው ብዛት የተነሣ ሌላ ራስ ምታት ያበቅላል። ክኒኑ ለጥቂት ሰዓት ያቀልለታል፤ ኀይሉ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሰውየውም በሽታው የባሰበት መስሎት ይጨምራል። በአራጣ ተበድሮ ወለዱን በሌላ አራጣ እንደሚከፍል ነጋዴ መሆኑ ነው። ይህ የሚደርሰው አስቀድሞ የሚግሬን ወይም የውጥረት ራስ ምታት በነበረበት ሰው ላይ ነው፤ ለልቡ ሲል በየቀኑ ትንሽ አስፒሪን ታዝዞለት የሚወስድ ሰው በዚህ አይሥጋ፥ ያለ ሐኪም ፈቃድም አያቋርጥ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በስዊስ አገር የሰዓት ፋብሪካ ሠራተኞች ጥቃቅን ሥራቸውን ለመቋቋም ፊናሴቲንና ካፌይን የተቀላቀለበትን የራስ ምታት ክኒን በየቀኑ ይውጡ ነበር። ካፌይኑ ሲቋረጥ ራስን ስለሚያሳምም ዛሬ የተዋጠው ክኒን የነገውን ያስጠራ ነበር። በዚያው ዘመን ሐኪሞች የብዙዎቹ ኩላሊት ተበላሽቶ አገኙ፤ ፊናሴቲንም በኋላ በየአገሩ ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። እነዚያ ሠራተኞች ሰነፎች ወይም ሱሰኞች አልነበሩም፤ ሥራቸውን ሳያስተጓጉሉ ለመዋል የፈለጉ ሰዎች ነበሩ።

የዚህ ሕመም ሕክምና ክኒኑን መተው ነው። ተራውን ማስታገሻ በአንድ ቀን ማቆም ይቻላል፤ ኮዴይንና ሌሎች ከአደንዛዥ ወገን የሆኑትን የለመደ ሰው ግን በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ከሁለት እስከ ዐሥር ቀን ሕመሙ ከቀድሞው ይብሳል፥ እንቅልፍ ይነሣል፥ ያቅለሸልሻል። ብዙዎች ተሸንፈው ወደ መሳቢያው የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይታገሣል፤ በኖርዌይ አገር የጤና ጣቢያ ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት ለበሽተኛው የነገሩን ምክንያት ባጭሩ ማስረዳት ብቻ ብዙዎቹ ክኒን እንዲቀንሱና ሕመማቸው እንዲቀልል አድርጓል። የሚግሬኑ መከላከያም የሚሠራው ከዚህ በኋላ ይበልጥ ነው።

ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት ግን ለሐኪም እንጂ ለመሳቢያ አይተውም። በአገራችን ልማድ በድንገት ራስን ሲያምና ሰውነት ሲግል «ምች ነው» ይባልና ዳማከሴ ታሽቶ ይጠጣል። ዳማከሴው ራሱ የሚያስከፋ ነገር የለውም፤ የሚያስከፋው በምች ስም የሚያልፈው ጊዜ ነው። ከቆላ ለተመለሰ ሰው ይህ ወባ ሊሆን ስለሚችል ደሙ በዚያው ቀን መታየት አለበት። በቀይ ባሕር ዳርቻም ከዓይን ኋላ የሚያም ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት የደንጊ ትኩሳት ሊሆን ይችላል፤ ይህ እስኪለይ ድረስ አስፒሪንና አይቡፕሮፌን ደም የማፍሰስ አደጋ ስላላቸው ፓራሲታሞል ብቻ ይወሰዳል። ራስን በሻሽ አጥብቆ ማሰርም ለአንዳንዱ ሰው ያቀልለታል፥ ጉዳትም የለውም፤ ግንባርንና ሰሪሳራን በምላጭ መብጣት ግን ቁስል ከማምጣት በቀር ምንም አይጠቅምም።

በደጋው ብርድ ደግሞ የከሰል ማንደጃ አስገብተው በር ዘግተው የሚተኙ ሰዎች አሉ። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛም አየር አይሸትም፥ አይታይም። ጧት የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድነት ራሱን ካመመው፥ ከደጅ ሲወጣም ከተሻለው፥ ምክንያቱ ሌላ አይደለም። በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ አየር ማውጣትና የደከመውን ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ማድረስ እንጂ ክኒን ማደል አይገባም።

ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። እንደ መብረቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከባዶ ወደ ከፍተኛ ደረጃ የሚደርስ ራስ ምታት በአንጎል ዙሪያ ደም መፍሰሱን ሊያመለክት ይችላል። ከትኩሳት ጋር አንገት ከደረቀ፥ አገጭ ደረትን መንካት ካቃተው፥ ወይም በሰውነት ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ከታየ ማጅራት ገትር ይጠረጠራል፤ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚደርሰው የማጅራት ገትር ቀበቶ በበጋ ወራት ስለሚበረታ አንድ ሌሊት ማሳደር እንኳ ሕይወት ያስከፍላል። አፍ ሲጣመም፥ እጅ ሲዝል፥ ንግግር ሲኮላተፍ፥ ወይም ሰውየው ሲወድቅና ሲቃዥ፤ በጭንቅላት ላይ ምት ካረፈ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ሲሄድ፤ ከአምስት ወር በላይ የሆናት ነፍሰ ጡር ራስዋን አጥብቆ ሲያማትና ዓይንዋ ሲደናገዝ፤ እነዚህ ሁሉ ለነገ አይባልም። ዕድሜው ከ50 ያለፈና ቀድሞ ራስ ምታት የማያውቅ ሰው በሰሪሳራው በኩል አሟት የሚያኝክበት መንጋጋ ሲደክምበትም ሐኪሙ በአስቸኳይ ስቴሮይድ ካልጀመረለት የዓይኑን ብርሃን ሊያጣ ይችላል።

ወደ ነጋዴው ስንመለስ፥ ሐኪሙ ያዘዘለት የመጀመሪያ ነገር መድኃኒት ሳይሆን ደብተር ነው። በየቀኑ አንድ መሥመር፤ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፥ የቆየበት ጊዜ፥ የታመመው ወገን፥ የበላውና የጠጣው፥ የተኛበት ሰዓት፥ በመጨረሻው ዓምድ የተዋጠው ክኒን ቁጥር። ገቢና ወጪ መጻፍ ለለመደ ሰው አይከብድም። በወሩ መጨረሻ ተደምሮ ሲታይ ራሱን ያመመው 22 ቀን፥ ክኒን የወሰደው 24 ቀን ሆነ። ወደ አስመራ የወጣው ግን ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር።